ምት የሚካፈል ጌጥ

ሙቀጫ እንዲመታ የተሠራ ዕቃ ነው። በቤታችን ካሉት ዕቃዎች አብዛኞቹ ምትን ይፈራሉ፤ ጀበና ከእጅ ካመለጠ ገል ነው፣ ስኒ ጠርዙ ከተሸረፈ ለእንግዳ አይቀርብም፣ ምጣድም መሰንጠቅ ከጀመረ ዕድሜው ተቆጥሯል። ሙቀጫ ግን ከምት ሌላ ኑሮ የለውም። ቡናው፣ በርበሬው፣ ኮረሪማውና ነጭ ሽንኩርቱ አላፊ እንግዶች ናቸው፤ እነሱ ደቀው ሲወጡ ከዘነዘናው ጋር የሚቀረው ወለሉ ነው። ስለዚህ ይህን ዕቃ ላስጊጥ የሚል ሰው ቢመጣ ከውበት በፊት የሚጠየቀው ስለ ጽናት ነው፦ በዚህ ሁሉ ምት መካከል ቀለም ምን ይሠራል? ጥያቄውን ያስነሳው ዛሬ የቶርኖ ባለሙያዎች የሚሠሩት አንድ ዓይነት ሙቀጫና ዘነዘና ነው። ቀለማቸው የተለያየ እንጨቶች በኮላ ተጣብቀው አንድ ግንድ ይሆናሉ፤ ግንዱ በቶርኖ ላይ እየተሽከረከረ ሲላጥ ቀይ፣ ሐምራዊና ነጭ መስመሮች በዕቃው ሆድና በዘነዘናው እጀታ ላይ ብቅ ይላሉ። ይህ ሐተታ የሚከራከርበት ነገር አንድ ነው፦ ጌጥ በአንድ ዕቃ ላይ ቦታ የሚገባው የዕቃውን ሸክም ሲካፈል ነው። ይህን ለመፈተን ደግሞ ከሙቀጫ የተሻለ ዕቃ አይገኝም፤ ሸክሙ የታወቀ ነው፣ ምቱም አያዳላም።

አስቀድሞ ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ባለሙያው በሚገባ የደረቁ እንጨቶችን ይመርጣል። ነጩ ብዙ ጊዜ የሰሜን አሜሪካው ሜፕል ነው፤ ብርቱካናማ ቀዩ ከመካከለኛውና ከምዕራብ አፍሪካ ደን የሚመጣው ፓዱክ፣ ሐምራዊው ደግሞ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የሚገኘው ፐርፕልኸርት ነው። የሳንቃዎቹ ፊት በመላጊያ ይስተካከላል፤ ሁለቱ ሲገጠሙ በመካከላቸው ብርሃን ማለፍ የለበትም። ኮላ ይቀባሉ፣ በሞርሳ ይታሰራሉ፣ ያድራሉ። ሞርሳው ሲፈታ የሚገኘው ነገር ዓይን የሚስብ አይደለም፤ ኮላ የተንጠባጠበበት፣ ጠርዙ የተዛነፈ ጉማጅ ነው። ቶርኖ ላይ ወጥቶ መሽከርከር ሲጀምር ደግሞ መስመሮቹ ጭራሽ ይጠፋሉ፤ ቀለሞቹ ተዋሕደው የሚታየው ደብዛዛ ጥላ ብቻ ነው። ስለቱ እየላጠ በገባ ቁጥር ቀጥ ብሎ የተጣበቀው ሳንቃ በክቡ ሆድ ላይ ይጎብጣል፣ መስመር የነበረው ቅስት ይሆናል፣ ቅስቱም ሆዱ በሰፋበት ይለጠጣል፣ በጠበበበት ይሰበሰባል። ሠሪው የወጣውን በትክክል የሚያየው ማሽኑን ሲያቆም ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቀለሙን የቀባው ሰው የለም። ከጉማጁ ላይ ፍቅፋቂ ወረደ እንጂ በላዩ ላይ የታከለ ነገር አልነበረም። ጌጡ የተገለጠው ዕቃው ቅርጹን ባገኘበት በዚያው ስለት ነው፤ ማስጌጥና መሥራት ሁለት ቀን አልሆኑም።

ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። የምናውቃቸውን ጌጦች ብንመረምር አንዳንዱ ገላ ላይ ያደረ ነው፤ ቀለም ይቀባል፣ ቫርኒሽ ይደረባል፣ ወረቀት ይለጠፋል። ይህ ጌጥ ሲላጥ ከሥሩ ሌላ ነገር ይወጣል፤ ዕቃው የሚሠራው በአንድ አካል፣ የሚታየው በሌላ ነው። አንዳንዱ ግን ከአካሉ ጋር አብሮ የበቀለ ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ መሶብ ይበቃናል። መሶብ የሚሰፋው ስንደዶውን እየጠቀለሉ በአክርማ እየወጉ ነው። ቀለም የተነከረው አለላ ከዚያ በኋላ የሚለጠፍ አይደለም፤ ራሱ ስፌት ነው። አንዱን ዙር ከቀጣዩ ጋር የሚያስረው እሱ ስለሆነ አለላውን ፈትቶ ለማውጣት የሞከረ ሰው መሶቡን ያፈርሰዋል። የነጠላ ጥለትም ከዚህ ወገን ነው፤ ሸማኔው ጥለቱን የሚጥለው ጨርቁን በሚሸምንበት ድር ላይ፣ በዚያው መወርወሪያ፣ በዚያው ቁጭታ ነው። እናቶቻችን መሶብ ሲሰፉ ስለ ጌጥ ምንነት አልጻፉም፤ ጣታቸው ግን ለጥያቄው መልስ ሰጥቶበታል። የአለላው ቀይ ዓይንን የሚያስደስተው ዙሩን አጥብቆ በያዘበት በዚያው ቦታ ነው። በቶርኖ የወጣ ባለ ቀለም ሙቀጫም መመዘን ያለበት በዚህ ሚዛን ነው፤ ቀለሙ እንደ አለላ ያስራል ወይስ እንደ ቀለም ቅብ ተቀምጦ ያያል?

የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሳል፤ ከባድም ነው። ሙቀጫ አንድ ግንድ ነው፣ ጉልበቱም አንድ በመሆኑ ነው ይባላል። በአገራችን የዋንዛ ግንድ ተቆርጦ፣ በመጥረቢያና በመሮ ተፈልፍሎ ሙቀጫ ሲሆን በውስጡ የሚለያይ ነገር የለም። ታዲያ አንድ የነበረውን ቆራርጦ መልሶ ማጣበቅ ድክመትን በገዛ እጅ ማስገባት አይሆንም? መልሱ እንጨት ራሱ ምን ዓይነት ነገር ነው በሚለው ላይ ነው። የግንድ ቃጫ ቁመቱን ተከትሎ የቆመ ነው፤ ታስሮ እንደቆመ የስንደዶ ነዶ ቢታሰብ ይቀላል። ነዶው ከላይ ሲመታ ይችላል፣ ከጎን ሲጫኑት ግን ይጨፈለቃል። እንጨትም በቃጫው ቁመት የሚመጣን ግፊት ከጎን ከሚመጣው በብዙ እጥፍ ይችላል። ከግንድ የተፈለፈለ ሙቀጫ የሚጸናው ወለሉ ላይ ቃጫው ሽቅብ ስለቆመና ምቱን በራሱ ስለሚቀበል ነው። ነገር ግን ያው ግንድ ሌላ ባሕርይ አለው። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሰበሰብም፤ በዕድሜ ቀለበቱ ዙሪያ የሚሰበሰበው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚሰበሰበው እጥፍ ያህል ነው፣ በቁመቱ ደግሞ ከቁጥር የማይገባ ነው። ስለዚህ እምብርቱን የያዘ ክብ ግንድ ሲደርቅ ከራሱ ጋር ይጣላል፤ ጠቡም በስንጥቅ ያልቃል። አንድነት ያልነው ነገር በውስጡ መለያየትን ይዞ ነበር ማለት ነው።

የተጣበቀው ጉማጅ ይህን ችግር የሚፈታው በሁለት ቅድመ ሁኔታ ነው። አንደኛው እምብርቱን ማስወገድና እንጨቱን አስቀድሞ ማድረቅ ነው። ሁለተኛው፣ ክርክሬም የቆመበት፣ ሳንቃዎቹን በቁማቸው ማቆም ነው። ብዙ ሰው ቀለም ሲያስብ እንደ እንጀራ አንዱን በአንዱ ላይ መደርደር ይቀናዋል፤ እንዲህ ከተደረደሩ ግን የሁሉም ቃጫ ይጋደማል፣ ዘነዘናውም ወለሉን ከጎኑ ይመታዋል። ሳንቃዎቹ ጎን ለጎን ቆመው ሲጣበቁ ግን የእያንዳንዱ ጫፍ ወደ ላይ ያያል፣ ኮላውም የቃጫ ጎንን ከቃጫ ጎን ጋር ያይዛል። እንጨትን ከጎኑ ሲያይዝ ደህና ኮላ እጅግ ይጸናል፤ በትክክል ተጣብቆ የደረቀ መጋጠሚያ በኃይል ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው አጠገቡ ያለው እንጨት ነው። የተቆረጠ ጫፍን ከተቆረጠ ጫፍ ጋር ለማጣበቅ የሞከረ ሰው ግን ኮላው በቃጫዎቹ ቀዳዳ ተመጦ ሲያልቅና መጋጠሚያው በቀላሉ ሲላቀቅ ያያል። እንግዲህ ያው አንድ ሕግ ሁለቱንም ይገዛል፦ ምቱን የሚያስችለው አቋቋም መጣበቁንም የሚያጸናው ነው፤ ቀለሙ በምቱ አቅጣጫ ሲቆም ዕቃው ይጠነክራል፣ ዓይን ደስ ስላለው ብቻ ሲጋደም ዕቃው ይዳከማል። የውበት ምርጫ የመሰለን ነገር የሸክም ምርጫ ሆኖ ተገኘ።

ከአንድ አካል መፈልፈልና ደራርቦ መገንባት በአገራችን የሕንፃ ታሪክም ጎን ለጎን ቆመዋል። ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ዓለት ወደ ታች ተፈልፍሎ ወጥቷል፤ እንደ ዋንዛው ሙቀጫ መጋጠሚያ የለውም። ከዚያው አካባቢ በዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ መቅደስ ግን የተገነባው በእንጨትና በድንጋይ ንብርብር ነው፤ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ ልስን የተለበጠ ድንጋይ። ከሩቅ የሚያየው ሰው ጥቁርና ነጩን እንደ ጥለት ያየዋል፤ እንጨቱ ግን ግድግዳውን አስሮ የያዘ የአክሱም ዘመን የግንባታ ዘዴ ነው። ጌጡ ሕንፃውን ያቆመው ነገር ራሱ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚገርመው ላሊበላ ያለው ቤተ አማኑኤል ነው። ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ሆኖ ሳለ የውጭ ግድግዳው ገባ ወጣ እያለ የእንጨትና የድንጋይ ንብርብር እንዲመስል ተቀርጿል። አንድ ወጥ የሆነው የተደራረበውን አስታወሰ ማለት ነው። ጠቢቦቹ መደራረብን የድክመት ምልክት አድርገው ቢያዩት ኖሮ፣ ምንም መጋጠሚያ የማያሻውን ዓለት የንብርብር መልክ ሊሰጡት ባልደከሙ ነበር።

ይህ ምሳሌ ግን በክርክሬ ላይ ይመለሳል ሊባል ይችላል። በቤተ አማኑኤል ያለው ንብርብር ምንም አይሸከምም፤ በአክሱም ሐውልቶች ላይ የተቀረጹት የዝንጀሮ ራሶችም አንድም ወለል አልደገፉም። የዝንጀሮ ራስ በእውነተኛው ሕንፃ ላይ የግድግዳውን እንጨት የሚያያይዘው አግዳሚ ጫፍ ነው፤ በሐውልቱ ላይ ግን በድንጋይ የተቀረጸ አምሳያ ነው። ሆኖም እነዚህን ሐውልቶች ባዶ ጌጥ ናቸው የሚል ሰው የለም። ታዲያ ሸክም የማይካፈል ጌጥም ቦታ አለው ማለት አይደለም? ተቃውሞው ትክክለኛ ነው፤ ክርክሬንም ያጠራዋል። ሐውልት የመታሰቢያ ዕቃ ነው፤ ሸክሙ ማስታወስ ነው። በዚያ የቆመው የዝንጀሮ ራስ የሕንፃውን ትዝታ ይሸከማል፣ በዚህም ሥራውን ይሠራል። ጥያቄው ጌጡ እንጨት ወይም ድንጋይ ይደግፍ እንደሆነ ብቻ መሆን የለበትም፤ ዕቃው ለቆመለት ነገር ጌጡ ምን ያዋጣል የሚለው ነው። ሐውልት ለትዝታ ቆሟል፣ ሙቀጫ ለምት። ሙቀጫ ላይ እንደ ሐውልት የሚያስታውስ ብቻ፣ ሲመታ ግን የሚላቀቅ ቀለም ቢገባ ቦታውን ስቷል።

ሁለተኛው ታላቅ ተቃውሞ ጌጥን ከነአካቴው ከሚጠሉት ይመጣል። ኦስትሪያዊው የሕንፃ ባለሙያ አዶልፍ ሎስ እ.ኤ.አ. በ1910 ቪየና ላይ ባሰማው ታዋቂ ንግግሩ ጌጥን ከወንጀል ጋር አጎራብቶታል። ሙግቱ እንዲህ ነው፦ ጌጥ የሠራተኛን ጉልበትና ቁስን ያባክናል፤ ያጌጠ ዕቃ ሳያረጅ ፋሽኑ ስለሚያልፍበት ገና ጤነኛ ሳለ ይጣላል። ሙግቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሙቀጫ ላይ ሦስት ዓይነት እንጨት ከሦስት አህጉር ማምጣት፣ ቆርጦ ማጣበቅ፣ ቀናት መጠበቅ፣ ይህ ሁሉ አንዲት ፍሬ ኮረሪማ በተሻለ አያደቅም። ነገር ግን ሎስ ራሱ የሠራውን እንይ። በዚያው ዘመን በቪየና ሚካኤል አደባባይ ያሠራው ሕንፃ የታች ክፍሉ ደም ሥሩ በጎላ አረንጓዴ እብነ በረድ የተሸፈነ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የሠራው ትንሹ መጠጥ ቤትም በማሆጋኒ እንጨትና በእብነ በረድ የተሞላ ነው። ጌጥን የጠላው ሰው ቁሱ በራሱ አካል ውስጥ የያዘውን ቀለም ይወድ ነበር። ስለዚህ ጠላቱ ቀለም አልነበረም፤ ቁሱ ያላበቀለው፣ ከላይ የመጣበት ጌጥ ነበር። በቶርኖ የወጣው የእንጨት ቀለም ደግሞ የዛፉ የራሱ ሥጋ ነው። የፋሽኑ ክስም ሙቀጫን ብዙ አያገኘውም፤ ከእጅ ጋር አብሮ የሚያረጅ ዕቃ ከዓመት ወደ ዓመት የሚለወጥ መልክ አይጠበቅበትም።

ከተቃራኒው ወገን የሚመጣ ሌላ ድምፅም አለ። ጃፓናዊው ያናጊ ሶኤትሱ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ስማቸው የማይታወቅ ሠሪዎች ለዕለት አገልግሎት የሠሯቸውን ዕቃዎች ሲያወድስ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ቶኪዮ ላይ የተከፈተው የሕዝብ ዕደ ጥበብ ሙዚየምም የዚህ ሐሳብ ፍሬ ነው። በእሱ ሚዛን ውበት ከአገልግሎት ይወለዳል፤ ውበትን አስቦ የሚሠራ ሰው ያጣዋል። ባለ ቀለሙ ሙቀጫ ደግሞ በግልጽ ታስቦበት የተሠራ ነው። እዚህ ላይ ከያናጊ የምለየው በአንድ ነገር ነው። መሶብ የምትሰፋ ሴት የአለላውን ቀለም ትቆጥራለች፣ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ አስቀድማ ታውቃለች፣ ከተሳሳተች ፈትታ ትጀምራለች። አስባ ትሠራለች፤ ውበቱ ግን አልጠፋም። ማሰቡ ጥፋት የሚሆነው አገልግሎቱን ሲረሳ ነው። ዕቃው ምን እንደሚቀበል እያሰቡ ውበቱን ማሰብ አንድ ሐሳብ እንጂ ሁለት አይደለም።

ይህ በተለይ በዘነዘናው ላይ ይታያል። ዘነዘና ላይ የሚወደድ አንድ ጌጥ አለ። ጉማጁ በ45 ዲግሪ ያህል በሰያፍ ይጋዛል፣ ግን እስከ መጨረሻው አይቆረጥም፤ ትንሽ ተይዞ ይቀራል፣ አለዚያ ሁለቱ ወገን መስመራቸውን ይስታሉ። በተጋዘው ክፍተት ውስጥ ውፍረቱ መጋዙ ካወጣው ጋር እኩል የሆነ ባለ ቀለም ስስ እንጨት ይገባል፣ ይጣበቃል። ከዚያ ጉማጁ ሩብ ዙር ይዞራል፤ በአራቱም ጎን ይህ ይደገማል። ጉማጁ በቶርኖ ሲከበብ ቀጥ ያሉት ስስ እንጨቶች ሞላላ ቀለበት ይሆናሉ፣ አራቱ ቀለበቶችም አንዱ ባንዱ ውስጥ እየገባ በብራና መጻሕፍት ራስጌ እንደሚሣል ሐረግ ይጠላለፋሉ። ውበቱ ልብ ያሞቃል። ነገር ግን ሰያፉ ቃጫውን ቆርጦታል፤ መጋጠሚያው በቁም እንደተጣበቀው አይጸናም። ታዲያ የት ይቀመጥ? ዘነዘና ወለል ሲመታ በድንገት ይቆማል፤ በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ የዘነዘናው ክፍል የሚሸከመው ከበላዩ ያለውን ነው። የታችኛው ራስ የመላውን ዘነዘና ክብደት ይሸከማል፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሸክሙ ይቀላል። ስለዚህ አስተዋይ ሠሪ ሐረጉን ከእጅ መያዣው በላይ ወዳለው ጫፍ ያወጣዋል፤ የሚመታውን ራስ ለአንድ ወጥ፣ ቃጫው ለቆመ እንጨት ይተወዋል። ሸክም መካፈል እኩል መካፈል ማለት አይደለም። በወንፈል ሁሉም በአቅሙ ያነሳል፤ ደካማውን ከባዱ ቦታ ላይ ያቆመ ሰው ሥራውንም ሰውየውንም ይበድላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቀለሙ አይቆይም የሚል ነው። እውነት ነው። ፓዱክ ብርሃን ሲያገኘው ብርቱካናማ ቀይነቱ እየጠቆረ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ፐርፕልኸርትም ገና ሲቆረጥ ቡናማ ቢጤ ነው፣ አየር ሲያገኘው ወደ ሐምራዊ ይደምቃል፣ ከጊዜ ብዛት በፀሐይ ብርሃን መልሶ ይጠቁራል። ያልተጠነቀቀ ሠሪ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ያበላሸዋል፤ ፓዱክን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉት የሚወጣው ቀይ ብናኝ በአጠገቡ ባለው ነጭ ሜፕል ቀዳዳ ይገባና ነጩን ያዳምነዋል። ስለዚህ ጥሩ እጅ በደንብ በተሳለ ስለት ይጨርሳል፣ ብናኙን ቶሎ ቶሎ ያራግፋል። ግን የቀለም መለወጥ ውሸት ነው? ቅብ ሲያረጅ ይላጣል፣ ከሥሩም እንግዳ ነገር ይወጣል። እንጨት ሲያረጅ እንጨት ሆኖ ያረጃል። ቀዩ ወደ ቡናማ ሲሄድ ከነጩ ጋር የነበረው ደማቅ ልዩነት ወደ ጥቁረትና ንጣት ልዩነት ይለወጣል፤ ጥለቱ ግን አይጠፋም። የሰው ፀጉር ሲሸብት ሰውየው እንደማይጠፋ ነው። ለዘላለም አልለወጥም ብሎ ቃል የሚገባ ቀለም አካል ውስጥ አይኖርም፤ በቆርቆሮ ውስጥ ታሽጎ ካልተቀመጠ በቀር።

ከሁሉም የሚያመው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። ይህ ሙቀጫ አይወቀጥበትም፤ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይታያል። በከተማ ቤት በርበሬው ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ቡናው በኤሌክትሪክ ይፈጫል፤ ለምት የተሠራ ዕቃ የማይመታ ጌጥ ሲሆን ነገሩ ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ ማለት ነው። ይህ ፍርሃት እውነት አለው፤ መድኃኒቱም በገዢው እጅ ብቻ ሳይሆን በሠሪውም እጅ ነው። ለመታየት ብቻ የተሠራውን ከሥራው ማወቅ ይቻላል፤ ሳንቃው ተጋድሟል፣ አፉ እንደ አበባ ተከፍቶ እህሉን ይበትናል፣ ዘነዘናው ለእጅ ሳይሆን ለዓይን ቀጥኗል፣ ገላው በሚያንጸባርቅ ቫርኒሽ ስለተሸፈነ በመጀመሪያው ምት ይላጣል። ለምት የተሠራው ደግሞ ሌላ ነው፤ መቀመጫው ሰፊና ከባድ ነው፣ አፉ ጠበብ ይላል፣ የዘነዘናው ራስ ከወለሉ ቅስት ጋር ይገጥማል፣ ገላው በተልባ ዘይት ተቀብቶ ዘይቱ ከአየር ጋር እየተዋሐደ በእንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል። እንዲህ ያለ ዕቃ ቁም ሣጥን ላይ ቢውል እንኳ የእጅን መምጣት ይጠብቃል። የተቀጣጠለ ዕጣን ባለበት፣ ቡናው ተቆልቶ ጢሱ በዞረበት ቤት የሙቀጫ ድምፅ አሁንም ጎረቤት ይጠራል፤ ሥራው ገና አላለቀም።

ሙቀጫን ስናወድስ መዘንጋት የሌለበት ነገርም አለ። መውቀጥ፣ መሸክሸክ፣ መፈተግ፣ መደለዝ በብዙ ቤት የሴት ልጅ ትከሻ የተሸከመው ድካም ነው። ዘነዘና ቢያጌጥ ክንድ አያርፍም። የዕቃን ውበት ለድካም ማካካሻ ማድረግ ግፍ ነው፤ ወፍጮ ያሳረፋትን ሴት ወደ ሙቀጫ ተመለሺ የሚል ውበት ቢኖር እኔ ከእሱ ወገን አይደለሁም። ግን ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ሌላ በደል አለ። በአገራችን የእጅ ሥራና የእጅ ሠሪ ለዘመናት ተንቀዋል፤ ባለእጅ፣ ጠይብ፣ ሸማኔ የሚሉት ስሞች ስድብ ሆነው ኖረዋል፣ አፄ ምኒልክም ሰውን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ያ ንቀት ዕቃንም ነካ፤ የሚሠራው ዕቃ ማጀት ገባ፣ የሚታየው ዕቃ ሳሎን ቀረ፣ ውበትም ከሥራ ተፋታ። ምትን የሚካፈል ጌጥ ይህን ፍቺ ይቃወማል። የሚደክመው ዕቃ ራሱ ያማረ ሲሆን ድካሙ አይቀልም፤ ክብሩ ግን ይታያል። ያም ክብር ድካምን ከማቅለል ጋር ይሄዳል እንጂ አይተካውም።

እንግዲህ መርሁን እስከ መጨረሻ ከያዝነው ገደብ ያበጃል። እህል የሚፈተግበት ትልቁ ሙቀጫ የግንዱ ነው፤ እርጥብ ነገር ሁልጊዜ የሚወቀጥበትና ውሃ ውስጥ የሚዘፈዘፍ ዕቃም ለተጣበቀ እንጨት አይሆንም፣ ውሃ እያሳበጠ መጋጠሚያውን ይፈታተናልና። የተጣበቀው ሙቀጫ ቦታው ደረቅ ነገር ነው፤ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቁር አዝሙድ። ከዚህም በላይ አንድ ጥብቅ ጥያቄ አለ። የሚመታ ወለል ይበላል፤ የሚበላውም በጥቂት በጥቂቱ ከቅመሙ ጋር ይወጣል። ደማቅ ከሆኑት የሩቅ እንጨቶች የአንዳንዶቹ ብናኝ ቆዳንና ሳንባን የሚያስቆጣ ነው። ስለዚህ ወለሉ ለዓይን ብቻ በተመረጠ እንጨት መሠራት የለበትም። ደማቆቹ በውጭው ሆድ ይቁሙ፣ ወይም በዘነዘናው አናት ይጠላለፉ፤ ምግብ የሚነካው መካከል ግን ከምግብ ጋር ለኖረ እንጨት ይለቀቅ። ለእኛ እንዲህ ያለ እንጨት ወይራ ነው፤ የወተት ዕቃችንን በጢሱ ስናጥን የኖርነው በእሱ ነው። የወይራ ቡናማ በነጭ እንጨት መካከል ሲቆም እንደ ፓዱክ አይጮኽም፤ የሚታመን ቀለም ነው። መርሁ ቀለሙን ራሱ መረጠልን ማለት ነው።

አሁን ይህ ሙቀጫ ለዓመታት ተወቀጠበት እንበል። ቶርኖው የጀመረውን መላጥ ዘነዘናው ይቀጥለዋል፤ ወለሉ በየምቱ ከዓይን የማይገባ ያህል ዝቅ ይላል። ቅብ ቢሆን በመጀመሪያው ወር ጠፍቶ ነበር። በቁሙ የተጣበቀው ወይራ ግን እስከ መቀመጫው ድረስ ስለዘለቀ ወለሉ በወረደ ቁጥር አብሮ ይወርዳል። የቡናው ጥቁረት ይሸፍነውና መስመሩን ዓይን ያጣዋል። ነገር ግን ወይራ ከአጠገቡ ካለው ነጭ እንጨት ይልቅ ጽኑ ነው፤ ነጩ ቀድሞ ሲበላ ወይራው ዘግየት ይላል፣ በመካከላቸውም የክር ያህል ቀጭን ጠርዝ ይፈጠራል። ለዓይን ተብሎ የገባው መስመር ሙቀጫውን በምትጠርግ ጣት ሥር ይገኛል። በምቱ ሁሉ ውስጥ ካለፈ ጌጥ የሚቀረው ይህ ነው፤ በጨለማም ቢሆን በመዳሰስ ይታወቃል።